«ሙድ» እና ድባብ

አንድ ድርሰት በአንባቢው ላይ የሚያሳድረውን ስሜት «ሙድ» ብሎ መጥራት በሥነ ጽሑፍ ውይይቶች እየተለመደ ቢመጣም፣ ይኸው የእንግሊዝኛ ውሰት በከተማ አነጋገር «ሙድ ያዘበት» ሲባል ማላገጥን፣ «ሙድ አለው» ሲባል ደግሞ ደስ ማሰኘትን ስለሚያመለክት ለጥናት ቋንቋ የሚበቃ ጽናት የለውም። አማርኛ ግን «ድባብ» የሚል የከበረ ቃል አለው፤ ድባብ በጥንተ ትርጉሙ በላሊበላ ጥምቀት ታቦታቱ ሲወጡ እንደሚታየው ያለ ያሸበረቀ ትልቅ ጥላ ሲሆን፣ ከሥሩ የዋለውን ሁሉ በአንድ ጥላ ስለሚያካትት «የበዓል ድባብ» እስከሚባለው ረቂቅ ፍቺ ደርሷል።

ድባብን የሚዘረጋው የቃል ምርጫ ነው። ስለ ላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ «ተሠራ» ያለ ጸሐፊ ደረቅ ዘገባ ያቀርባል፤ «ታነጸ» ያለው፣ ምንም እንኳ ማነጽ ድንጋይ በድንጋይ ላይ መደርደርን የሚያስታውስ ቢሆንና ይህ ቤተ መቅደስ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ቢሆንም፣ የቤተ ክህነትን ግርማ ያላብሰዋል፤ «ተወቀረ» ያለው ግን የወፍጮ ድንጋይ ከሚወቀርበት ግሥ ጋር ስለሚያገናኘው የመሮውን ድምፅና የሠራተኛውን ላብ ያሰማል። ከሦስቱ ለላስታ አለት የሚስማማው ይህ የመጨረሻው ነው፤ 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት «ውቅር» መባላቸውም ከዚሁ ነው። ጸሐፊው ለጉዳዩ ያለውን አመለካከት የሚገልጸው «ቶን» ደግሞ «ቃና» ቢባል ጣዕምንም ዜማንም ይይዛል። መምህራንና ሐያስያን ሁለቱን ቃላት፣ ድባብንና ቃናን፣ በየጽሑፋቸው ሊያጸኗቸው ይገባል።