«ማንበብ ይማሩ፣ መጻፉ ይቅር»፦ ስለ ሰንበት ትምህርት ቤት የተረሳ ክርክር

ባለፈው ዓመት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ በማስተምርበት ክፍል አንድ ተማሪ እጁን አነሣ። በሚያገለግልበት አጥቢያ ወጣቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሰፈሩ የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሒሳብና የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት ጀምረው ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ጉዳዩ ለሽማግሌዎች ቀረበ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ቃሉ በሚሰበክበት አዳራሽ በሰሌዳ ላይ የሒሳብ ቀመር ተጽፎ ማግኘታቸው እንዳሳዘናቸው ተናገሩ። የሌላው ሽማግሌ ጥያቄ ጠንከር ያለ ነበር፦ «ከእነዚህ ልጆች ስንቱ ጌታን ተቀበለ?» ተማሪዬ ከእኔ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ጥያቄ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከዚህ በፊት ተነሥቶ ያውቅ እንደሆነ።

ተነሥቶ ያውቃል። ያውም የተነሣው በራሱ በሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በዚያ ሰዓት የሰጠሁት መልስ ስላላረካኝ ዘርዘር አድርጌ ለእርስዎ ልጽፍልዎ ወደድሁ። (ዓ.ም. ያልኩበት ቦታ ካልሆነ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ውድ አንባቢ፣ «ሰንበት ትምህርት ቤት» ሲባል ምን ይታይዎታል? መዝሙር፣ የቃል ጥቅስ፣ ሥዕል የሚቀቡ ሕፃናት፣ ወላጆች ስብከት እስኪሰሙ ልጆቹን የምትጠብቅ እህት። ከዛሬ 240 ዓመት በፊት ግን ስሙ የሚያመለክተው ሌላ ነገር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ ለሚውሉ የድኻ ልጆች፣ ሥራ በሌለበት በአንዱ ቀን የሚሰጥ የንባብ ትምህርት ነበር። ዛሬ «ማጠናከሪያ» ወይም «ቲቶሪያል» ከምንለው ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ያኔ የሚጠናከር መደበኛ ትምህርት እንኳ አለመኖሩ ነው።

ሮበርት ሬይክስ በእንግሊዝ አገር በግሎስተር ከተማ የጋዜጣ አሳታሚ ነበር። የከተማዋ ዋና ኢንዱስትሪ የስፒል ሥራ ነበር፤ ልጆችም በዚያ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ሬይክስ ለረጅም ጊዜ እስር ቤት ይጎበኝ ነበርና ወንጀልና መሃይምነት እንዴት እንደሚያያዙ በዓይኑ አይቷል። በ1780 ቶማስ ስቶክ ከተባለ ቄስ ጋር ሆኖ ሥራውን ጀመረ። በአንዲት ሴት ቤት ልጆች እሑድ ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ይማራሉ፤ ለምሳ ሄደው በ7 ሰዓት ይመለሳሉ፤ ንባብ ካነበቡ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወሰዳሉ፤ ከዚያ እስከ 11 ሰዓት ማለፊያ ድረስ የእምነት ጥያቄና መልስ ያጠናሉ። ለአስተማሪዎቹ በቀን አንድ ሽልንግ ይከፈል ነበር። ልብሳቸው ስለተቀደደ የሚያፍሩትን ልጆች የጠየቃቸው የታጠበ ፊትና እጅ፣ የተበጠረ ፀጉር ብቻ ነው። እርግጥ ሬይክስ የመጀመሪያው ሰው አይደለም፤ ሐና ቦል የተባለች የሜቶዲስት እህት በሃይ ዊኮምብ በ1769 ተመሳሳይ ነገር ጀምራ ነበር። የእርሱ ዕድል ጋዜጣ ያለው መሆኑ ነው። በ1783 ስለ ሥራው ጻፈ፤ በ1785 ለንደን ላይ የሰንበት ትምህርት ቤቶች ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1851 በተደረገ ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ የተመዘገቡት ተማሪዎች ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በመካከላቸው ብዙዎቹ በዐሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ።

ክርክሩ ብዙ አልቆየም። ከአንድ ወገን የመጣው ተቃውሞ በቀላሉ የሚገባን ነው። ባለ ርስቶችና ገበሬዎች፣ የተማረ አገልጋይ አይታዘዝም ብለው ፈሩ። የፈረንሳይ አብዮት በፈነዳበት ዘመን ይህ ፍርሃት ወደ መድረክም ወጣ፤ በ1800 ጳጳሱ ሳሙኤል ሆርስሊ አንዳንዶቹን ሰንበት ትምህርት ቤቶች የአብዮተኞች መፈልፈያ አድርገው ከሰሱ። ይህን ሰምቶ ፈገግ የሚል መጋቢ ይኖራል። ይሁንና ከውጭ የመጣው ክስ ብዙ አያስተምረንም። የሚያስተምረን ከውስጥ፣ ልጆቹን ከልብ ከሚወዱ ሰዎች የመጣው ነው።

ጥያቄው፦ ልጆቹ መጻፍም ይማሩ ወይ?

ለዛሬ ሰው ጥያቄው እንግዳ ነው፤ ማንበብና መጻፍ ለእኛ አንድ ነገር ናቸው። ያኔ ግን ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ነበሩ፤ በቅደም ተከተል ይሰጡ ነበር። ማንበብ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ያደርሳል፤ ስለዚህ የተሐድሶ ልጆች የሆኑት ሁሉ በአንድ ድምፅ ይቀበሉታል። መጻፍና ሒሳብ ግን የሚያደርሱት ወደ ሱቅ መዝገብና ወደ ጸሐፊነት ወንበር ነው። ታዳጊዎቹም አጥብቀው የፈለጉት ይህንኑ ነበር፤ ከማሽኑ ሥር የሚያወጣቸው እርሱ ነውና።

በሜቶዲስቶች ዘንድ ጄቤዝ በንቲንግ በጽናት ተቃወመ። ሙግቱ የሰንበት ነበር፦ መጻፍ ዓለማዊ ሙያ ነው፤ በጌታ ቀን ዓለማዊ ሙያ ማስተማር አራተኛውን ትእዛዝ መሻር ነው። በ1827 የሜቶዲስት ጉባኤ ባወጣው ደንብ መጻፍና ሒሳብ ከእሑድ ትምህርት እንዲወጡ ሆነ። ይህን ሙግት በንቀት ማለፍ አይገባም። በንቲንግ የሚጨነቀው ለእግዚአብሔር ቀን ክብር ነበር፤ እኛም በሰንበት ጉዳይ ከእርሱ ብንለይ እንኳ የተቀደሰውን ለመለየት መፈለግ ስሕተት ነው አንልም። ከሌላው ወገን የቆሙት ደግሞ ሉቃስ 13ን ማንሣት ይችሉ ነበር፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት የጎበጠችው ሴት በሰንበት መፈታት አይገባትም ነበርን? ስድስቱን ቀን በፋብሪካ ለሚያሳልፍ ልጅ «በሌላው ቀን ና» ማለት ምን ማለት ነው?

ሁለተኛው ተቃውሞ የሐና ሞር ነው። ይህች ሴት ከእኅቷ ከማርታ ጋር በ1789 በቼዳር መንደር ጀምራ በሜንዲፕ ኮረብቶች ላይ ትምህርት ቤቶችን ከፈተች። ዝናብና ጭቃ ሳያግዳት በፈረስ ትዞር ነበር፤ ባሪያ ንግድን ለማስቀረት በተደረገው ትግልም ከዊልበርፎርስ ጋር ቆማለች። በ1801 ትምህርት ቤቶቿ ሲከሰሱ ግን ለጳጳሷ በጻፈችው መከላከያ ለድኻ ልጆች መጻፍ እንደማትፈቅድ በግልጽ አስቀመጠች። ምክንያቷ ሰንበት አይደለም። ድኻው በተቀመጠበት ደረጃ ሆኖ ታታሪና ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው እንዲሆን እንጂ፣ ከደረጃው ከፍ እንዲል አልፈለገችም።

በንቲንግና ሞር አጥራቸውን የተከሉት በአንድ ቦታ ላይ ነው። ከውጭ ለሚያየው ልዩነት የለውም፤ ልጁ በሁለቱም ዘንድ ብዕር አይዝም። ታዲያ የእምነት አጥርና የመደብ አጥር በምን ይለያሉ? እኔ ያገኘሁት መለያ ከስብከታቸው ሳይሆን ከሳምንት መርሐ ግብራቸው ነው። መጻፍን ከእሑድ ካወጡት ትምህርት ቤቶች መካከል በአዘቦት ቀን፣ ማታ፣ ከሥራ በኋላ የጽሕፈትና የሒሳብ ክፍል የከፈቱ ነበሩ። ሰንበትን አክብረው ሻማና ቀለም ገዝተው፣ ደክሞት የመጣውን ልጅ ማክሰኞ ማታ አስተማሩት። ሌሎች ከእሑድ አወጡት፤ ሌላ ቀን ግን አልሰጡትም። የፊተኞቹን የሰንበት ሙግት አምናለሁ። የኋለኞቹን ለማመን እቸገራለሁ።

በ1870 መንግሥት የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን በሕግ መዘርጋት ሲጀምር የሰንበት ትምህርት ቤት የቀረው የሃይማኖት ትምህርት ብቻ ሆነ። በኋላ ወደ እኛ የደረሰው ይህ የተረፈው ክፍል ነው።

የማታው ትምህርት ግን በሌላ በኩል ቀጠለ። ኩዊንቲን ሆግ የሀብታም ልጅ ነበር፤ ኢተን ከተባለው የባላባቶች ትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ፣ በ1864 ገደማ፣ ገና 19 ዓመቱ ሳለ፣ በለንደን ሁለት የመንገድ ጠራጊ ልጆችን ማንበብ ሊያስተምር ወጣ። ቦታው በቴምዝ አጠገብ ያለ የድንጋይ ቅስት ሥር ነው፤ መብራቱ በቢራ ጠርሙስ አፍ ላይ የተተከለ ሻማ፣ መማሪያው ሁለት መጽሐፍ ቅዱስ። ፖሊስ ብቅ ሲል ልጆቹ ሻማውን አጥፍተው ሮጡ። ሆግ ስለ ልጆቹ ምንም እንደማያውቅ የገባው ያን ጊዜ ነው። የጫማ ጠራጊ ልብስ አስፍቶ ከእነርሱ ጋር መዋልና ማደር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ክፍል ተከራየ፤ ልጆቹ ሲያድጉ ፍላጎታቸው አብሮ አደገ፤ ሥራውም ለሠራተኛ ወጣቶች የሚሆን የሙያ ትምህርት ጨመረ። በ1882 ሬጀንት ስትሪት ላይ ትልቅ ሕንፃ ገዝቶ ፖሊቴክኒክ አደረገው፤ የዛሬው የዌስትሚንስተር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የወጣ ነው። ጂምናዚየም፣ የመዋኛ ገንዳ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ የምህንድስና ትምህርት፣ ሁሉም በአንድ ጣራ ሥር ነበሩ። ሆግ ወንጌላዊነቱን አልደበቀም፤ እሑድ እሑድ ራሱ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ይሰጥ ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የናዝሬቱን ታሪክ፣ የዛሬዋን አዳማ ማለቴ ነው፣ ብዙዎች ሰምተውታል፤ ግን እንደ መነቃቃት ታሪክ እንጂ እንደ ማጠናከሪያ ትምህርት ታሪክ አንተርከውም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሆኑ ጥቂት ወጣቶች ወደ ሜኖናይት ሚሲዮናውያን ሄደው እንግሊዝኛ እንዲያስተምሯቸው ለመኑ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ቋንቋው ያልያዘለት ልጅ በሒሳቡም በሳይንሱም ይወድቃል። ሚሲዮናውያኑ እሺ አሉ፤ መማሪያ ያደረጉትም የዮሐንስን ወንጌል ነው። ከዚያ ክበብ የተነሡት ወጣቶች በኋላ «ሰማየ ብርሃን» ተብለው ታወቁ፤ ከዓመታት በኋላም ከመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተዋሐዱ። ያች ቤተ ክርስቲያን በ1982 በደርግ ስትዘጋ በየቤቱ የተረፈችው በእንዲህ ያሉ ወጣቶች አገልግሎት ጭምር ነው።

«ይህማ እንግሊዝኛን ማጥመጃ ማድረግ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ክሱ በእኛ አገር ታሪክ አለው። በ1944 ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ አገሪቱን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ክልልና ክፍት ክልል ብሎ ሲከፍል፣ በፊተኛው ለሚሲዮን የተፈቀደው ሕክምናና ከሃይማኖት ወገን ነጻ የሆነ ትምህርት ነበር። ስለዚህ ሚሲዮን ያስተማረው ፊደል ሁሉ ከኋላው ሌላ ነገር አለ ተብሎ መጠርጠሩ አይገርምም፤ አንዳንዴም ነበረው። የናዝሬቱን ጉዳይ ከማጥመጃ የሚለየው ሁለት ነገር ይመስለኛል። ጠያቂዎቹ ወጣቶቹ ነበሩ። ደግሞም መማሪያው ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን በእጃቸው ይዘውት ነበር፤ እንግሊዝኛውም የእውነት እንግሊዝኛ ነበር። ማጥመጃ የሚሆነው ትምህርቱ የይስሙላ ሲሆን ነው፤ ልጁ የሚፈልገውን ሒሳብ ግማሽ ሰዓት በማያውቅ ሰው አስተምረን ቀሪውን አንድ ሰዓት ተኩል ለስብከት ስናውል።

ይህ ሁሉ የሩቅ ታሪክ የማይሆነው ለዚህ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ወደ 900,000 የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ከማለፊያው በታች የቀሩት በየጉባኤያችን መካከለኛ ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ በመዘምራን መካከል አሉ፤ ከጸሎት በኋላ ወንበር የሚሰበስቡት እነርሱ ናቸው። ገንዘብ ያለው ወላጅ አስጠኚ ቀጥሯል። የሌለው ደግሞ የጸሎት ርዕስ አስይዟል፤ እኛም ጸልየናል።

በብዙ አጥቢያዎች በረዳት ድርጅቶች ድጋፍ የሚካሄዱ የልጆች ፕሮጀክቶች አሉ፤ መልካም ሠርተዋል። ግን በመዝገቡ ላይ ስሙ የሌለ ልጅ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያይ ይውላል። ከዚህ የከፋው፣ ፕሮጀክቱ ስላለ ጉባኤው ራሱ ምንም ሳያደርግ ያደረገ መምሰሉ ነው። በአጥቢያዎ የሒሳብ መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ኢንጂነር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይጠፋም። ሬይክስ ለአስተማሪዎቹ ሽልንግ ይከፍል ነበር፤ እኛ ለመምህሩ የትራንስፖርት ከመክፈል ለምን እንደምናፍር አይገባኝም።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። አዳራሹን ያነሡትን ሽማግሌ አባት አልወቅሳቸውም። ለእግዚአብሔር ቤት የተለየ ክብር መስጠት ከበንቲንግ ጋር በአንድ ወገን ያቆማቸዋል፤ በንቲንግም የዋዛ ሰው አልነበረም። ለተማሪዬ የመከርኩት አዳራሹን እንዲከራከር ሳይሆን፣ በሚቀጥለው ስብሰባ በትሕትና አንድ ነገር እንዲጠይቅ ነው፦ «አባታችን፣ አዳራሹ ካልተገባ በግቢያችን የትኛውን ክፍል እንጠቀም? በስንት ሰዓት?» ስንቱ ጌታን ተቀበለ ላሉትም፣ ልጆቹን ሄደው እንዲያዩ እንዲጋብዛቸው።

ከወር በኋላ ተማሪዬ በስልክ ነገረኝ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ የሲሚንቶ ከረጢትና የተሰበረ ወንበር ይቀመጥበት የነበረው ክፍል ተጠርጎ ተሰጥቷቸዋል። ጠባብ ነው፤ በሁለት ፈረቃ ያስተምራሉ። ጥያቄውን ያነሡት ሁለተኛው ሽማግሌ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር መሆናቸውን እኔ ያኔ አላወቅሁም ነበር። አሁን የ11ኛ ክፍሎችን የያዙት እርሳቸው ናቸው።