ይሄ ደግሞ መጋገር ነው እንዴ? የካርቶን ኬክ፣ የእንቁላልና የሶዳ ታሪክ

ከሱፐር አንድ ካርቶን የኬክ ዱቄት ገዝታችሁ፣ እንቁላሉንና ዘይቱን ትታችሁ አንድ ጣሳ ለስላሳ ብቻ ጨምራችሁበት ታውቃላችሁ? ኩፍ ይላል፣ ይበስላል፣ ይበላል። ከዚያ እናት ወይም አክስት ታይና «ይሄ ደግሞ መጋገር ነው እንዴ?» ትላለች። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ነው።

የካርቶን ኬክ የጀመረው አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ከተማ ነው። «ፒ ዳፍ ኤንድ ሰንስ» የተባለው ድርጅት ከስኳር ምርት የሚተርፈውን ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ፣ ሞላሰስን፣ ይሸጥ ነበር። ጆን ዳፍ ሞላሰሱን ከስንዴ ዱቄት ጋር አድርቆ የዝንጅብል ኬክ ዱቄት ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ፓተንት አገኘበት። ስቡ፣ ቅመሙ፣ ቤኪንግ ሶዳው፣ የደረቀ እንቁላል ሳይቀር ውስጡ ነበር። የሚቀረው ውሃ መጨመር ብቻ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947 እና በ1948፣ ጄኔራል ሚልስና ፒልስበሪ የየራሳቸውን ይዘው ገበያ ገቡ።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚያወራው አንድ ታሪክ አለ። ሴቶቹ ውሃ ብቻ መጨመር ሙያ ያሳጣን ነበር ብለው ዱቄቱን ጠሉት፤ ከቪየና የመጣው አይሁዳዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኧርነስት ዲክተር በ1950ዎቹ «እንቁላሉን አውጡና ራሷ ትስበረው» ብሎ መከረ፤ ሽያጩም ተመነደገ ይባላል። «ባለሙያ ናት» የሚለው ቃል ለሴት ምን ያህል ክብር እንደሆነ በሚያውቅ ቤት ይሄ ታሪክ ቶሎ ይታመናል።

ሰነዱ ግን ሌላ ይላል። ዳፍ ራሱ በ1935 ባገኘው ሁለተኛ ፓተንት፣ እመቤቶች ትኩስ እንቁላል እንደሚመርጡ ጽፎ የደረቀውን አውጥቶታል። ዲክተር አሜሪካ የገባው ገና በ1938 ነው። ምክሩን ሰጥቶም ቢሆን ሐሳቡን ያመነጨው እሱ አይደለም ማለት ነው። ደግሞም ትኩስ እንቁላል የተሻለ ኬክ ያወጣል፤ የሴቶቹ ምርጫ የስሜት ብቻ አልነበረም።

ሶዳውስ? ቃሉ ራሱ ያምታታል። በዕብራይስጥ የሚጠጣው «ሶዳ» ነው፤ ኬክ ውስጥ የሚገባው ነጭ ዱቄት ደግሞ «ሶዳ ሊሽቲያ»፣ ቃል በቃል «ለመጠጥ የሚሆን ሶዳ» ይባላል። ዝምድና አላቸው፤ ድሮ የሶዳ ውሃ ሲሠራ ያ ዱቄት ይገባበት ስለነበር ነው። ውሃን በጋዝ የማርካቱ ሥራ ደግሞ የመጣው ከመጠጥ ጠመቃ ቤት ነው፦ በ1767 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በሊድስ ከተማ፣ ከሚፈላ የቢራ ጋን በላይ ውሃ አስቀምጦ ጋዙ እንዲገባበት አደረገ። ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጠላን የሚያፈላው፣ ለእንጀራ ዓይን የሚያወጣለትም ይኸው ጋዝ ነው።

ካርቶን ኬክ ላይ ግን ለስላሳው የሚመስለውን ያህል አይሠራም። አብዛኛው ጋዝ ሲማሰል ይበናል። ኬኩን ኩፍ የሚያደርገው በዋናነት ካርቶኑ ውስጥ ቀድሞ የገባው ዱቄት ነው፤ ለስላሳው ውሃ፣ ስኳርና ጣዕም ይሰጣል። እንቁላል ስለሌለውም ኬኩ ቶሎ ይፈረፈራል። እንዲያም ሆኖ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በተለይ በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ፣ በሰቨን አፕ የሚጋገር ኬክ ከአያት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ባህል ሆኗል። እዚያ ግን ዱቄቱም፣ ቅቤውም፣ እንቁላሉም በእጅ ነው የሚገባው።

እና መጋገር ነው ወይስ አይደለም? ካርቶኑ ሥራውን አላጠፋውም፤ ከቤት ወደ ፋብሪካ ነው ያዛወረው። የዳፍን ሥራ የምናውቀው ስለተጻፈ ነው፤ የእንቁላሉን ተረት ማረም የቻልነውም በዚያ ጽሑፍ ነው። ለሰንበት ዳቦ የሚጋግሩ እናቶቻችን እርሾውን እንዴት እንደሚያቆዩ፣ ሊጡ ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ፣ ከላይና ከታች እሳቱን እንዴት እንደሚመጥኑ ግን አብዛኛው ያለው በእጃቸውና በቃላቸው ነው። ስለዚህ አክስቴ ስትስቅባችሁ አትከፉ። ቁራሽ ኬክ አቅርቡላት፣ ስልካችሁን ለመቅጃ ክፈቱና «አንቺስ እንዴት ነበር የምትጋግሪው?» በሏት።