የቄሣር ግብርና የገባሩ ጥርስ

ስለ ሮማ ሲወሳ በዓይነ ኅሊናችን ቀድሞ የሚመጣው ሕንፃው ነው፤ ኮሎሲየሙ፣ ቀጥ ያለው የድንጋይ መንገድ፣ ከተራራ ውኃ ያወረደው ድልድይ። ያሠሩት ቄሣሮች ስማቸውን በእብነ በረድ አስቀርጸዋል። ለመሆኑ ግብር የከፈለውና ድንጋይ የተሸከመው ሰውስ ምን ጽፎ አለፈ? አብዛኛው ፊደል የቆጠረ አልነበረም። ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ሳያውቀው በጥርሱ ላይ ጽፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቋሚ ጥርሳችን ጠንካራ ሽፋን በልጅነታችን ከድድ ሥር ንብርብር እየሆነ ይሠራል። በዚያን ጊዜ ልጁ ክፉኛ ቢራብ ወይም በጽኑ ቢታመም ሥራው ይስተጓጎልና አግድም የተሠመረ ስርጉድ መስመር ይቀራል። አጥንት በሕይወት እስካለን ይታደሳል፤ የጥርስ ሽፋን ግን አይታደስም። በ3 ዓመቱ የተራበ ልጅ 50 ዓመት ቢኖር የዚያ ረኃብ ምልክት ከጥርሱ አይጠፋም።

ታዲያ የሮማ ዘመን አፅሞች ምን መሰከሩ? በመካከለኛው ኢጣሊያ አፅሞች ላይ ተደርጎ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በሮማ ዘመን የኖሩ ወንዶች ከእነርሱ በፊትም ሆነ በኋላ ከነበሩት ሰዎች በ2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያጥሩ እንደነበር አሳይቷል። ቁመት ደግሞ በዕድገት ዘመን የተገኘ ምግብና የደረሰ በሽታ ውጤት ነው።

ሮማውያን በ43 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ወደ ወረሩት ብሪታንያ እንሻገር። በደቡብ እንግሊዝ፣ በዶርሴት አውራጃ፣ ከወረራው በፊትና በኋላ የተቀበሩ ሰዎች አፅም ሲነጻጸር በሮማ ዘመን ሕፃናትና አዛውንት ለሞት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። እዚያው አውራጃ፣ ፓውንድበሪ በተባለው የመቃብር ቦታ፣ በሕፃናቱ አጥንት ላይ የሪኬትስና የቫይታሚን ሲ እጥረት ምልክቶች ታይተዋል።

በደቡብ ኢጣሊያ ቫኛሪ የሚባለው ቦታ የንጉሠ ነገሥቱ የግል ርስት ነበር። እዚያ በተገኘ የጣሪያ ሸክላ ላይ የአንድ የቄሣር ባሪያ ስም ታትሟል፤ ግራቱስ ይባላል። በዚያው ርስት ከተቀበሩት የአንዱ ጥርስ ውስጥ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ እንደሆነው፣ ገዳዩ የወባ ተውሳክ ዘረ መል ተገኝቷል።

ጥፋቱን ሁሉ በቄሣር ላይ መከመር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ወባን ግብር ሰብሳቢ አላመጣትም። ይሁን እንጂ የተጨናነቀ ከተማ፣ በሽታን ከሸቀጥ ጋር ያመላለሰ መንገድ፣ ከጎተራ የተዛቀ እህል የግዛቱ ሥራ ነበሩ።

በቋንቋችን «ግብር» ገበሬው የሚከፍለውም፣ ንጉሡ የሚያበላውም ነው። ሮማም ሁለቱን ታውቅ ነበር። አውግስጦስ ቄሣር በዋና ከተማው 200 ሺህ ለሚሆኑ ዜጎች እህል በነፃ ያድል ነበር፤ እህሉም ከግብፅና ከሌሎች ግዛቶች በመርከብ ይመጣ ነበር። የአበላው ንጉሥ ስም በጽሑፍ ቆየልን፤ ያበቀለው ገበሬ ስም ግን በአብዛኛው የለም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አንድ ነገር ግን አንዘንጋ፤ በጥርሱ ላይ መስመር የተገኘበት ሰው ያን ክፉ ቀን ያለፈ ነው። መስመሩ ሳይሠመርላቸው የሞቱት ሕፃናት በጥርሳቸው ላይ እንኳ አልጻፉም።