ሃንስ ሉደር፦ ከገበሬ ቤት እስከ መዳብ ምድጃ

በአገራችን ዕድሜ የጠገበ ሽማግሌ ሰባት ቤት ወደ ኋላ መቍጠር አይቸግረውም። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌም አባት እገሌ እያለ ስሙን እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ይሁን እንጂ ከተቈጠሩት አንዱን ነጥሎ «ይህ ሰው በምን ሙያ ያድር ነበር? ከማን ተበድሮ፣ ለማንስ ሸጦ ኖረ?» ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ ሽማግሌው ዝም ይላል። ስም በአፍ ሲተላለፍ ሙያ ግን ከባለሙያው ጋር ይቀበራልና ነው። በተለይም ከእርሻ ተነሥቶ በማዕድን ሥራ የኖረ የገጠር ሰው መጽሐፍ ያልጻፈ እንደ ሆነ፣ ሕይወቱን ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ለዚህ ዐይነቱ ፍለጋ እንደ ሃንስ ሉደር የሚያስተምር ሰው ጥቂት ነው። ሃንስ ሉደር በ15ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ገደማ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በጀርመን አገር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወልዶ በመዳብ ሥራ የኖረ ሰው ሲሆን፣ ዓለም የሚያውቀው ግን የማርቲን ሉተር አባት በመሆኑ ብቻ ነው። ስሙ እንኳ በልጁ ስም ተውጧል። ልጁ የቤተ ሰቡን መጠሪያ «ሉተር» ብሎ መጻፍ ከጀመረ ወዲህ የአባቱን «ሉደር» ከጥቂት ሊቃውንት በቀር የሚያስታውሰው አልተገኘም።

የአባቱን ታሪክ ለትውልድ ያስተላለፈውም ይኸው ልጅ ነው። ማርቲን ሉተር ከማዕድ ላይ ሲጨዋወት፣ አባቱ በወጣትነቱ ድኻ የማዕድን ቈፋሪ እንደ ነበረ፣ እናቱም ማገዶ በጀርባዋ እየተሸከመች ልጆቿን እንዳሳደገች ተናግሯል። በሌላ ጊዜም አባቱም፣ አያቱም፣ ቅድመ አያቱም ገበሬዎች ነበሩ ብሏል። ይህ ቃል በደቀ መዛሙርቱ ተጽፎ በመቆየቱ፣ «የድኻው ማዕድን ቈፋሪ ልጅ» የሚለው አነጋገር ለአራት መቶ ዓመታት ያህል ያለ ክርክር ሲነገር ኖሯል። ቃሉ ሐሰት ነው ለማለት አይደለም። ልጅ ስለ አባቱ ሲናገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ለራሱ ታሪክ የሚስማማውን ነው። አባትየው በአንደበቱ ምን ይል እንደ ነበር ለማወቅ ወደ ሒሳብ መዝገብ፣ ወደ ፍርድ ቤት ደብተር፣ ዞሮ ዞሮም ወደ ቈሻሻ ጕድጓድ መሄድ አስፈልጓል።

ሃንስ የተወለደባት መንደር ሜራ ትባላለች። በቱሪንጂያ ግዛት ከአይዘናኽ ከተማ በስተ ደቡብ የምትገኝ የገበሬዎች መንደር ናት። የአባቱ ስም ሃይነ ሉደር ነው። ቤተ ሰቡ የራሱ መሬት ያለው፣ ግብሩን ከፍሎ የሚያድር እንጂ ጭሰኛ አልነበረም። ነገር ግን በዚያ አገር ልማድ የእርሻውን ርስት የሚወርሰው የመጨረሻው ልጅ በመሆኑ፣ ታላቁ ልጅ ሃንስ ሌላ እንጀራ መፈለግ ነበረበት። ብኵርና ለታላቁ ልጅ ክብር በሆነበት አገር ላደገ አንባቢ ይህ ሥርዐት እንግዳ ይሆንበት ይሆናል። እርሻ ሳይበጣጠስ እንዲቆይ የተበጀ ዘዴ ነበር፤ ታላላቆቹን ወንድሞች ግን ወደ መንገድ ያወጣ ነበር።

ሃንስ የመዳብን ሥራ ያወቀው ከቤቱ ከወጣ በኋላ ነው ብሎ መገመት ለረጅም ጊዜ የተለመደ ነበር። ሆኖም ከሜራ አጠገብ ኩፕፈርዙል የምትባል መንደር አለች፤ «ኩፕፈር» መዳብ ማለት ነው። በዚያ አካባቢ መዳብ ይወጣ ስለ ነበር፣ ገበሬው ልጅ ማረሻና ዶማን ጎን ለጎን እያየ እንዳደገ ማሰብ ይቀላል። የቅርብ ዘመን ተመራማሪዎችም ሃንስ ወደ ማንስፌልድ የሄደው ባዶ እጁን እንዳልነበረ ያመለክታሉ።

ከዚህ ላይ የትውልድ ሐረግ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሁለት ወጥመዶች ይገኛሉ። አንደኛው የስም መመሳሰል ነው። በሉደር ቤት ሁለት ወንድማማቾች ሃንስ ይባሉ ነበር፤ አንዱ ታላቁ ሃንስ፣ ሌላው ትንሹ ሃንስ። ትንሹም ወደ ማንስፌልድ መጥቶ ኖሯል፤ በከተማይቱ የፍርድ ደብተር ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው በጠብና በድብድብ ነው። የማርቲን ሉተር ተቃዋሚ የነበረው ጌኦርግ ቪጸል፣ የሉተር አባት ሰው ገድሎ ከሜራ የሸሸ ነው ብሎ ጽፏል። ለዚህ ክስ ማስረጃ አልተገኘም፤ የትንሹ ሃንስ ጠበኛነት በታላቁ ላይ ተለጥፎ ይሆናል የሚሉ አሉ። ሁለተኛው ወጥመድ የእናትየዋ ወገን ነው። የሃንስ ሚስት ማርጋሬተ ለብዙ ዘመን የጺግለር ቤት ልጅ ትባል ነበር። ዛሬ ግን ጺግለር የሃንስ እናት የቤተ ሰብ ስም እንደ ነበረ፣ ማርጋሬተ ግን በአይዘናኽ ከተማ ከታወቀው ከሊንደማን ቤት እንደ ተወለደች አብዛኞቹ ሊቃውንት ተስማምተዋል። ይህ እርማት ቀላል ነገር አይደለም። በማንስፌልድ የማዕድን አስተዳደር ከፍተኛውን ሥልጣን ይዞ የነበረው ሰው አንቶኒዩስ ሊንደማን ይባል ነበር። የገበሬው ልጅ በማያውቀው አገር የማቅለጫ ፈቃድ ያገኘበትን መንገድ ከዚህ ጋብቻ ለይቶ ማየት ያስቸግራል።

ሃንስና ማርጋሬተ በ1483 ዓ.ም. ወደ አይስሌበን መጡ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ማርቲን ተወለደላቸው። በማግሥቱ ዓመት በ1484 ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ወደምትርቀው ወደ ማንስፌልድ ተዛወሩ። የሃንስ ዕድሜ ያለቀው በዚያ ነው።

የማንስፌልድ መዳብ የሚገኘው በጥቍር ስስ ድንጋይ ውስጥ ነው። ከ250 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ከጥንታዊ ባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ ጭቃ ወደ ድንጋይነት ተለውጦ የተሠራ ነው። ንጣፉ ለብዙ ኪሎ ሜትር ሳይቋረጥ ይዘረጋል፤ ውፍረቱ ግን ከግማሽ ሜትር ያንሳል። በውስጡ ያለው መዳብ ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ ያህል ሲሆን፣ በአንድ ቶን መዳብ ውስጥ ደግሞ 5 ኪሎ ያህል ብር ይገኛል። የሥራው ጭንቅ ከዚህ ይጀምራል። ሀብቱ ያለው በስሱ ንጣፍ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከበላዩና ከበታቹ ያለውን ባዶ ድንጋይ ማውጣት ኪሳራ ነው። ስለዚህ ዋሻው እንደ ንጣፉ ዝቅተኛ ሆኖ ይቈፈራል፤ ቈፋሪውም በጎኑ ተኝቶ፣ አንገቱን አጣሞ፣ በኵራዝ ብርሃን ዐለቱን ይፈነቅላል። በአገሩ ቋንቋ «ጠማማ አንገት» የሚል ቅጽል ያተረፈለት ይኸው አተኛኘት ነው። የወጣውን ድንጋይ በዝቅተኛ ጋሪ እየጐተቱ የሚያወጡት ብዙ ጊዜ ወጣት ልጆች ነበሩ።

ሃንስ በመጀመሪያ እንዲህ ተኝቶ ቈፍሮ ከሆነ፣ ብዙ አልቆየበትም። መዝገቦቹ የሚያውቁት የማቅለጫ ጌታ ሆኖ ነው፤ ይኸውም የዛሬው ዘመን መሐንዲስ፣ ሥራ ተቋራጭና ነጋዴ አንድ ላይ ተደርገው የሚቈጠሩበት ሙያ ነው። የማዕድኑ ባለ መብቶች የማንስፌልድ መሳፍንት ነበሩ። መሳፍንቱ የሚሰጡት የማቅለጫ ፈቃድ «እሳት» ይባል ነበር። ከእሳቶቹ አንዳንዶቹ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረሱ ናቸው፤ ሌሎቹ ለተወሰነ ዘመን ብቻ በኪራይ የሚያዙ ናቸው። እንደ ሃንስ ከሌላ አገር ለመጣ ሰው የሚደርሰው የኪራዩ ነበር። እንግዲህ ቈፋሪ የሚቀጥር፣ ከሰል የሚያስጭን፣ ወናፍ የሚነፋውን የውሃ መንኰራኵር የሚያሠራ፣ ኪሳራም ሲመጣ የሚሸከም እርሱ ሲሆን፣ ምድጃውን ለልጁ ለማውረስ ግን ዋስትና አልነበረውም። ለእርሻ ርስት ያልበቃው የበኵር ልጅ በሁለተኛው ሙያውም ርስት አላገኘም።

ማቅለጡ ራሱ የትዕግሥት ሥራ ነው። ድንጋዩ በመጀመሪያ በክምር ሆኖ ለሳምንታት ይቃጠላል፤ ከዚያ በምድጃ ይቀልጣል። ዝቃጩ፣ የኛ ባላገር «የብረት አር» የሚለው ዐይነት፣ ተገፎ ይጣላል። የቀረው ደግሞ ደጋግሞ ይጠበስና ጥቍር መዳብ ይሆናል። ብሩ ግን እስከዚህ ድረስ ከመዳቡ ጋር ተጣብቆ ይቆያል። እርሱን የሚለየው በ15ኛው ምእት ዓመት የተስፋፋው ዘዴ በእርሳስ የሚሠራ ነው። መዳቡ ከእርሳስ ጋር ቀልጦ ጠፍጣፋ እንጐቻ ሆኖ ይጋገራል፤ ከዚያ በለዘብተኛ እሳት ሲሞቅ እርሳሱ ብሩን ይዞ ይንጠባጠባል፣ መዳቡ ግን ሳይቀልጥ ይቀራል። እርሳስ በ327 ዲግሪ፣ መዳብ ግን በ1085 ዲግሪ የሚቀልጥ በመሆኑ ነው። ይህ ሥራ እጅግ ብዙ እንጨትና ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ በማንስፌልድ ሳይሆን በቱሪንጂያ ደን ውስጥ፣ የኑረምበርግና የላይፕሲግ ነጋዴዎች በገንዘባቸው ባቋቋሟቸው ድርጅቶች እጅ ነበር። የማቅለጫው ጌታ ለከሰልና ለደመወዝ ከእነርሱ አስቀድሞ ይበደራል፤ ጥቍር መዳቡንም ለእነርሱ ይሸጣል። ትርፉ የሚያመዝነው ወዴት እንደ ነበረ ለመገመት አያዳግትም።

ያም ሆኖ ሃንስ በአጭር ጊዜ ተነሣ። በ1491 ዓ.ም. የማንስፌልድን ሕዝብ ወክለው በአስተዳደሩ ከሚቀመጡት አራት ሰዎች አንዱ ሆኖ ስሙ ተመዝግቧል። ከመጣ ገና ሰባተኛ ዓመቱ ነበር። ብረት አቅልጦ ማረሻ የሚሠራለትን ሰው «ጠይብ» እያለ ሲሸሽ ለኖረ አገር፣ እሳትና ዝቃጭ አንድን ገበሬ በሰባት ዓመት ከከተማው ሽማግሎች ተርታ ማስቀመጣቸው ሊያሳስብ ይገባል።

የቤቱ ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበረ የታወቀው በ2003 ዓ.ም. ነው። በማንስፌልድ ከቤተ ሰቡ መኖሪያ የቈሻሻ ጕድጓድ ተገኘ፤ ዘመኑም ወደ 1500 ዓ.ም. ግድም ነው። በውስጡ በሺሕ የሚቈጠር የእንስሳት ዐጥንት፣ የድስትና የብርጭቆ ስብርባሪ፣ የሴት ልብስ ማስጌጫ፣ ልጆች የሚጫወቱባቸው ብይዎች፣ 250 ያህልም የብር ሳንቲሞች ነበሩ። ከዐጥንቱ የአሳማውና የዶሮው፣ የዝይውም ይበዛል፤ ዓሣና ትንንሽ የዱር ወፎችም አሉበት። ይህ የድኻ ማዕድ አይደለም። ዕቃው በ2008 ዓ.ም. በሃለ ከተማ ለሕዝብ ሲታይ፣ «የድኻው ቈፋሪ ልጅ» የሚለው የቆየ አነጋገር ተናጋ። እናትየዋ እንጨት ተሸክማ ይሆናል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሆነ የሚያጣላ ነገር የለውም።

እዚህ ላይ ነው የአባትየው ሐሳብ ግልጽ የሚሆነው። ሃንስ በ1501 ዓ.ም. ልጁን ወደ ኤርፉርት ዩኒቨርሲቲ ላከ፤ ሕግ እንዲማርለትም አሰበ። ሐሳቡ ብዙ ጊዜ እንደ አባት ምኞት ብቻ ይተረጐማል። የማዕድንን ሥራ የሚያውቅ ሰው ግን ሌላም ነገር ያይበታል። የኪራይ ውል ያለው፣ ከነጋዴ ጋር በዕዳ የታሰረ፣ የጕድጓዱ ወሰን ከጎረቤቱ ጕድጓድ ጋር የሚያከራክረው ሰው፣ ከቤቱ የሚወጣ አንድ የሕግ ዐዋቂ ከአሥር ምድጃ ይበልጥበታል። በሐምሌ 1505 ማርቲን በሽቶተርንሃይም አጠገብ መብረቅ ሲያስደነግጠው ወደ ቅድስት ሐና ጮኾ መነኵሴ ለመሆን ተሳለ። ቅድስት ሐና የማዕድን ሠራተኞች ጠባቂ ናት፤ ልጁ በጭንቁ ሰዓት የጠራው በአባቱ ሙያ የሚከበረውን ስም ነበር። አባትየው ግን ተቈጣ። በ1507 ዓ.ም. ልጁ የመጀመሪያውን ቅዳሴ ሲቀድስ ሃንስ ከሃያ ፈረሰኞች ጋር መጥቶ ለገዳሙ ወጥ ቤት 20 ጉልደን ሰጠ፤ ከማዕድ ላይም አባትና እናትን ስለ ማክበር የታዘዘውን አንሥቶ ልጁን በሰው ፊት ወቀሰው። ገንዘቡንም ቅሬታውንም አልደበቀም።

ከዚያ በኋላ ሥራው እየከበደ ሄደ። ጕድጓዱ ሲጠልቅ ውሃው በዛ፤ ደኑ ሲመነጠር ከሰል ተወደደ፤ የማቅለጫ ጌቶችም በ1520ዎቹ በዕዳ በነጋዴዎች እጅ ወደቁ፤ ሃንስም ከዚህ አላመለጠም። ሉካስ ክራናኽ በ1527 ዓ.ም. የሣለው ምስል በዋርትቡርግ ይገኛል፤ የተሸበሸበ ፊት፣ ጠጕር ለበስ ካባ፣ ለጌጥ ያልተሠራ ዐይን። ሃንስ ሉደር በግንቦት 29 ቀን 1530 ዓ.ም. ሞተ፤ ልጁ ያን ጊዜ በኮቡርግ ምሽግ ነበር፣ መርዶውንም የሰማው ከሳምንት በኋላ ነው። በ1534 ዓ.ም. ወራሾቹ ሲካፈሉ ውርሱ ከ1,000 ጉልደን በላይ ነበረ።

የማቅለጫውን ሥራ የያዘው ሁለተኛው ልጅ ያዕቆብ ነው። መሳፍንቱ በ1540ዎቹ ምድጃዎቹን ወደ ራሳቸው ለማዞር ሲነሡ የጭንቁ ሰለባዎች የሃንስ ልጆችና ዐማቾች ሆኑ። ማርቲን ሉተርም ስለ ወገኖቹ ለመሳፍንቱ ደብዳቤ ጻፈ፤ አባቱ ሕግ እንዲማርለት የፈለገው ልጅ በስተርጅና የማዕድን ጠበቃ ሆነ ማለት ነው። በጥር 1546 ታሞ ሳለ በበረዶ መካከል ወደ አይስሌበን የተጓዘው የመሳፍንቱን ጠብ ለማስታረቅ ሲሆን፣ ከጠቡ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ማዕድን ነበር። ስምምነቱ በተፈረመ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ በየካቲት 18 ቀን፣ በተወለደባት ከተማ ሞተ።

የማንስፌልድ ጕድጓዶች በ1969 ዓ.ም. ተዘጉ፤ በአቅራቢያዋ በዛንገርሃውዘን የነበሩትም በ1990 ዓ.ም. ተከተሏቸው። በ800 ዓመታት ከምድሩ የወጣው መዳብ 2.6 ሚሊዮን ቶን፣ ብሩም 14,000 ቶን ያህል ነው። መንገደኛ በሩቅ የሚያያቸው እንደ ተራራ ሹል የሆኑት ክምሮች የ20ኛው ምእት ዓመት ናቸው። በሃንስ ሉደር ዘመን የተጣለው ድንጋይ ግን ዝቅ ያለና ትንሽ ጕብታ ሆኖ፣ ሣርና ቍጥቋጦ ለብሶ፣ በእርሻዎቹ መካከል ተበታትኖ ይገኛል። ገበሬው በትራክተር ሲያርስ ዙሪያውን ያልፈዋል።