በቡታጅራ «መርየም» ሲባል አቤት የምትለው

ቡታጅራ ወይም ወልቂጤ ውስጥ ስም በሚጠራበት ሰዓት ከአንድ የትምህርት ክፍል ደጃፍ ቢቆሙ፣ «መርየም» ሲባል «አቤት» የምትለው ብዙ ጊዜ የሙስሊም ቤት ልጅ ናት። ክርስቲያኑ ያን ስም ብቻውን ለልጁ አያወጣውም፤ ይከብደዋል። ወለተ ማርያም፣ ጽጌ ማርያም እያለ ያስጠጋዋል እንጂ። ያውም የክርስትና ስም ነውና የንስሐ አባቷ ያውቀዋል፣ መምህሯ ላያውቀው ይችላል። አንዱ ቤት ስሙን ከአክብሮት ይሸፍነዋል፤ ሌላው ከዚያው ከአክብሮት በየማለዳው ይጠራዋል።

ስለ ማርያም ልጅነት ሁለቱም ቤቶች የሚተርኩት ይቀራረባል። ክርስቲያኑ ግንቦት 1 ቀን ልደታን ከደጅ ወጥቶ ንፍሮ እየቀቀለ ያከብራል፤ ሐና የወለደቻት በሊባኖስ ተራራ ነው ይባላልና። በቁርኣን 3ኛ ምዕራፍም እናቷ በማሕፀኗ ያለውን ለፈጣሪ ስትሳል፣ ወንድ ስትጠብቅ ሴት ስትወልድ እናያለን። ታኅሣሥ 3 በዓታ ለማርያም ነው፤ በቤተ መቅደስ መልአኩ ፋኑኤል ኅብስትና ጽዋ ያመጣላት ነበር። በቁርኣኑ ደግሞ ዘከሪያ ወደ ጸሎት ክፍሏ በገባ ቁጥር ምግብ ከፊቷ ያገኛል።

የሚለያዩት ምጥ ላይ ነው። ኦርቶዶክሳዊው ትምህርት ያለ ሕማም ወለደች ይላል። በቁርኣን 19ኛ ምዕራፍ፣ በስሟ በተጠራው ሱራ፣ ምጥ ይዟት ብቻዋን ከቴምር ግንድ ትጠጋለች፤ ከበታቿ ውኃ ይፈስላታል፣ ቴምሩም ይረግፍላታል። የሚገርመኝ ግን ይህ ነው፦ ምጥ የያዛትን ሴት «ማርያም ትቅረብሽ»፣ የተገላገለችውን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው፣ ማርያም አላማጠችም ብሎ የሚያምነው ክርስቲያኑ ነው።

ይህ ሱራ በአገራችን ታሪክ ውስጥም ገብቷል። እንደ እስልምና ትውፊት በአውሮፓ አቆጣጠር በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱት ሙስሊሞች አክሱም ሲደርሱ፣ ቁረይሾች እጅ መንሻ አስይዘው ይመለሱልን አሉ። ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ በንጉሡ በነጃሺ ፊት ያነበበው ከሱራ መርየም ነበር፤ ነጃሺም አለቀሰና ስደተኞቹን አልሰጥም አለ።

በሌላ አቅጣጫ ወደ አገራችን የመጣ የማርያም መጽሐፍም አለ። በየቤተ ክርስቲያኑ የሚነበበው ተአምረ ማርያም መነሻው ምዕራብ አውሮፓ ሲሆን ወደ ግእዝ የተመለሰው ከዐረብኛ ነው፤ በዐፄ ዳዊት ዘመን። ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1426 እስከ 1460) ሠላሳ ሦስት የማርያም በዓላት እንዲከበሩ ደነገጉ። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ሲወርዱ፣ ጢያ ሳይደርሱ ገባ ብላ የምትገኘው ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም ግን፣ በትውፊት የቅዱስ ላሊበላ ሥራ ስለምትባል፣ ከዚያ ድንጋጌ ትቀድማለች።

ጉራጌ አገር ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ይዟል፦ አብሬት ላይ የቃዲሪያ ሱፊ ጦሪቃ ማዕከል፣ እምድብር ላይ በ1996 የተመሠረተው የካቶሊክ ሀገረ ስብከት፣ ዙሪያውን ደግሞ የኦርቶዶክስ ደብሮች። ከነዚህ ሌላ ደሟሟዊት የምትባል ሴት መለኮት ትከበር ነበር፤ ልጃገረዶቹም ለእርሷ በተሰጠው ሙየት በሚባለው ማኅበራቸው የራሳቸው የምሥጢር ቋንቋ ነበራቸው። ማርያም የደሟሟዊትን ቦታ ወረሰች ማለት ቀላል ነው፤ እኔ ግን ለዚያ የሚያበቃ ማስረጃ አላየሁም።

ልዩነቱን በስም መመሳሰል ማለባበስም ተገቢ አይደለም። ለክርስቲያኑ ወላዲተ አምላክ ናት፣ ታማልደዋለች። ለሙስሊሙ የነቢዩ ዒሳ እናት፣ ከሴቶች ሁሉ የተመረጠች ንጽሕት ናት፤ በቁርኣን በስሟ የተጠራች ብቸኛ ሴትም እርሷ ናት። አምልኮ ግን ለአላህ ብቻ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ከመጻሕፍት ነው፤ መጻሕፍቱን የጻፉት ደግሞ ወንዶች ናቸው። ከቸሃ፣ ከሶዶ ወይም ከመስቃን የሆነች፣ ስታዋልድ የኖረች አያት ካለችዎት፣ ሙስሊምም ትሁን ክርስቲያን፣ ሕፃኑ አልወርድ ሲል ማንን ትጠራ እንደነበር ይጠይቋትና በራሷ ቋንቋ ቃል በቃል ይጻፉት።