ከሮቦቱ በፊት የመጣው

አትላንታ በሚገኘው ኤመሪ ሴንት ጆሴፍ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪሙ ከታካሚው ጥቂት ሜትሮች ርቆ ይቀመጣል። በጎድን አጥንቶች መካከል የገቡ የሮቦት ክንዶችን እያዘዘ፣ የደረት አጥንት ሳይሰነጠቅ የታመመውን የልብ ቫልቭ ይጠግናል፤ እንደ አስፈላጊነቱም የተዛባውን የልብ ምት በዚያው ቀዶ ሕክምና ያክማል። ዶክተር ዳግላስ መርፊ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዚህ ሆስፒታል የጀመሩት ሥራ እስካሁን በሺዎች ለሚቆጠሩ ሕሙማን ደርሷል።

ይህን ስኬት የማሽን ድል ብቻ አድርጎ መተረክ ይቀናናል። የዘመናቱ ቅደም ተከተል ግን ሌላ ይናገራል። በሮቦት የታገዘ የመጀመሪያው የማይትራል ቫልቭ ጥገና እ.ኤ.አ. በ1998 በፓሪስ በአላን ካርፓንቲዬ ተከናወነ፤ አሜሪካ ለዚሁ ሥራ ዳ ቪንቺ የተባለውን ሮቦት የፈቀደችው በ2002 ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ1923 ኤሊየት ከትለር በቦስተን ቀዶ ሕክምና ያደረጉለት ልብ፣ ሩማቲክ ሕመም ቫልቯን ያጠበበባት የአንዲት ታዳጊ ልጅ ልብ ነበር። ያን ሕመም ከአሜሪካ ያራቁት ፔኒሲሊን፣ ያልተጨናነቀ መኖሪያና በቅርብ የሚገኝ ሕክምና ናቸው። ስለዚህም የአትላንታው ሮቦት በአብዛኛው የሚገጥመው ከዕድሜ ጋር የላላ፣ ለጥገና የሚመች ቫልቭ ነው።

የኢትዮጵያ ሕሙማን ግን በብዛት ልጆችና ወጣቶች ናቸው። በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ያስከተለው ጠባሳ ቫልቫቸውን ያደርቀዋል፤ ብዙ ጊዜም መጠገን ስለማይቻል በሰው ሠራሽ ይተካል። ብረት ነክ ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ዕድሜ ልኩን ደም ማቅጠኛና ተከታታይ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ አደጋው ይከብዳል። በ1989 በዶክተር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሕፃናት ልብ መርጃ ማዕከል በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ቢከፍትም፣ ወረፋው ዛሬም ረጅም ነው።

ከዚህ ለእኛ ለውጭ ነዋሪዎች የሚቀረው ጥያቄ ገንዘባችን በምን ቅደም ተከተል ይዋል የሚል ነው። በ2015 አዲስ አበባ ላይ የመከሩ የአፍሪካ የልብ ባለሙያዎች ካስቀደሟቸው ተግባራት አንዱ ጥራት ያለው ፔኒሲሊን ሳይቋረጥ ማቅረብ ነበር። ልባቸው አስቀድሞ ለተጎዳ ልጆች መርፌው ብቻውን አይበቃም፤ ቀዶ ሕክምናም ይሻሉ። እሱንም የሚያቆመው በአንድ ጊዜ የሚለገስ መሣሪያ ሳይሆን በየዓመቱ የሚከፈል ደመወዝ፣ አላቂ ዕቃና በድግግሞሽ የሚካብት ልምድ ነው። የአትላንታ ልምድ የሚያስተምረንም ይህንኑ ነው፤ ሮቦቱ የደረሰው መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ነው።