ደቦና ትእዛዝ በኢሉባቦር

ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሁሩሙ ዙሪያ የሚኖረው የኦሮሞ ገበሬ የጉልበትን መረዳዳት በየዓይነቱ ለይቶ ያውቃል። አንደኛው ዳዶ ነው፤ ይኸውም ጥቂት ጎረቤቶች ተራ ገብተው የሚሠሩት፣ ቀን በቀን የሚመለስ ብድር ሲሆን በአማርኛ ወንፈል ከሚባለው ጋር ይመሳሰላል። ሁለተኛው ደቦ ነው። ደቦ የጠራ ሰው ለመጣው ሁሉ ምግብና መጠጥ ያቀርባል፤ የሥራውንም ቀን የሚመርጥ እርሱ ነው። በደን ዳር ያለ እርሻ ደግሞ ያለ ጎረቤት አይጠበቅም። በቆሎው ሲያፈራ ዝንጀሮ በቀን፣ ከርከሮ በሌሊት ይመጣበታልና አንዱ ባለእርሻ ቢያንቀላፋ ጥፋቱ ለሌላው ይተርፋል። (የዚህን ጥበቃ ድካም የአገሩን ቡና ብቻ አይቶ የሚያልፍ እንግዳ አይገምተውም።)

በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ፣ ለሥራ የሚጠራው ጎረቤት ብቻ መሆኑ ቀረ። የዚህም ለውጥ ፈተና በ1977 ዓ.ም. መጣ። በረኃብ ከተጎዱት አገሮች፣ ይልቁንም ከወሎ፣ 600,000 ያህል ሰዎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲጓጓዙ ኢሉባቦር ከተቀባዮቹ ክፍላተ ሀገር አንዱ ነበር። ስግሰጋ በተባለው አሠፋፈር ሠፋሪው በነባሩ የገበሬ ማኅበር መካከል ይገባ ስለ ነበረ፣ ጎጆ መቀለስና መሬት ማዘጋጀት በነባሩ ላይ ወደቀ። ማጓጓዙ የተጀመረው በኅዳር ነው፤ ኅዳርም ቡና የሚለቀምበት ወር ነው። ደቦ ጠሪ ቢሆን ኖሮ ይህን ቀን ባልመረጠም።

ስለዚህ ይህን ሥራ በጎ ፈቃድ ብሎ መጥራት ያስቸግራል። ከሠፋሪዎቹም ብዙዎቹ በውድ አልመጡም። ነገር ግን ሁሉን ግዴታ ነው ብሎ መዝጋትም ሌላ ስሕተት ነው፤ ትእዛዝ የጎጆውን ቁጥር ይወስናል እንጂ፣ ለማያውቁት ሰው በገዛ ምድጃ እሳት ማካፈልን አይወስንም።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከሠፋሪዎቹ ብዙዎች ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ፤ ሌሎች ቀሩ። ወሎዬውም ደቦንና ወንፈልን ከአገሩ ያውቃቸው ነበር። የሣር ክዳን ከጥቂት ክረምት በላይ አይቆይም፤ ጎጆውን በትእዛዝ ያገኘ ሰው ክዳኑን ለማደስ ጎረቤቱን መጥራት ነበረበት።